ርካሽ ባለ አራት ገመድ ካይት፦ ችግሩ ከካይቱ ነው ከነፋሳችን?

ጢጣ_ሰፈር
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡20

እንዴት ዋላችሁ ጀመዓው። ሰሞኑን ቦሩ ሜዳ ሰማይ ላይ ቀይና ጥቁር ትልቅ ጨርቅ አይታችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ነኝ። ድሮን አይደለም። ካይት ነው።

አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ይዛልኝ መጣች። ልጅ ሆነን በፌስታልና በሸምበቆ እየሠራን የምናበረውን ዓይነት መስሎኝ ነበር። ይሄኛው እንጨት የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ጨርቅ ተደራርቦ ተሰፍቷል፤ ውስጡ በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል። ፊቱ ክፍት ነው። ነፋሱ በዚያ ይገባና ይነፋዋል፣ ክንፍ ይሆናል። 3 ሜትር ካሬ ይላል። የታወቀ ስም የለበትም። ሁለት እጀታ አለው፣ ከእያንዳንዱ እጀታ ሁለት ገመድ ይወጣል። የላይኞቹ ጉልበቱን ይሸከማሉ፣ የታችኞቹ ፍሬን ናቸው።

መሳብስ ይስባል። ነፋሱ ጠንከር ሲል ተረከዜን ተክዬ ወደ ኋላ ካልተጋደምኩ ይዞኝ ይሄዳል። ችግሩ ሌላ ነው። ሽቅብ ይወጣና አናቴ ላይ አልቆምም ይላል። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ በጭራው፣ ማለትም በኋላ ጠርዙ፣ መሬት ላይ ቁጭ። እጄን እኩል ይዤም ወደ ግራ ይጎትታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ግማሽ ጎኑ እጥፍ ብሎ ይወድቃል።

ካይቱ ቀሽም ሆኖ ነው ወይስ ነፋሳችን ነው? ይሄን ትቼ ስም ያለው ላስመጣ ወይስ በዚሁ ልማር? እስካሁን የሚመክሩኝ የቦሩ ሜዳ እረኞች ብቻ ናቸው። እነሱም እየሳቁ ነው።


የሐረጎ_ሹፌር
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡45

ሃሃሃ፣ አክስትህ ሽቶ ይዛ ብትመጣ ይሻልህ ነበር። ከምር ግን ለነፋስ ብር ይከፈላል እንዴ? የሐረጎን አቀበት ስወጣ መኪናዬን የሚገፋኝ በነጻ ነው።


ቦርከና
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ተው አንተ የሐረጎ፣ ልጁን አታሸማቀው።

ጢጣ፣ እኔ ኬፕታውን ስሠራ እሑድ እሑድ ብሎበርግ የሚባለው የባሕር ዳርቻ እየሄድኩ ነው የለመድኩት። እዚያ በጋ ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ፣ ሰዉ ሁሉ ካይቱን ይዞ ይወጣል። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። የገለጽከው ነገር የታወቀ በሽታ ነው።

ወደ ኋላ ማለቱና በጭራው መቀመጡ የፍሬን ገመድህ አጥሯል ማለት ነው። ርካሽ ካይት ላይ ብር የሚቆጥቡት ብዙውን ጊዜ ገመዱ ላይ ነው። ዳይኒማ በሚባለው የማይለጠጥ ገመድ ፈንታ ተራ ፖሊስተር ይሰጡሃል። ፖሊስተር ሲጫን ይለጠጣል። ጭነቱን የሚሸከሙት የላይኞቹ ስለሆኑ እነሱ ይረዝማሉ። ፍሬኖቹ ብዙም ስለማይጫኑ እንደነበሩ ይቀራሉ። ትንሽ ከበረርክበት በኋላ ፍሬኑ ከዋናው ገመድ አንጻር አጠረ ማለት ነው። አንተ ምንም ሳትነካ ካይቱ ፍሬን ተይዞበታል። የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅለት ሐረጎን የሚወጣ መኪና በለው።

እንዲህ አድርግ። ገመዶቹን ከካይቱም ከእጀታውም ፍታ። አንድ ካስማ መሬት ላይ ትከል፣ የአራቱንም ጫፍ እሱ ላይ አጥልቅ። ሌላኛው ጫፍ ጋ ሄደህ መጀመሪያ ሁለቱን የላይኞች አንድ ላይ ይዘህ በሰውነትህ ክብደት ሳባቸው፣ እስኪለጠጡ። ከዚያ አራቱንም አጠገብ ለአጠገብ ይዘህ እኩል ወጥራቸውና ጫፋቸውን ተመልከት። የግራና የቀኙ የላይኛ ገመድ በሁለት ጣት ስፋት እንኳ ቢለያይ ካይቱ ወዳጠረው ይዞራል። ወደ ግራ የሚጎትትህ ምናልባት ይሄው ነው። የረዘመውን ጫፉ ላይ እንደ አዲስ ቋጥረህ ከአጭሩ ጋር አስተካክለው።

ፍሬኑን የምታስረዝመው እጀታው ታች ላይ ነው። እዚያ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት አጭር ገመድ አለ። የፍሬን ገመድህ በሸምቀቆ የታሰረው ከአንዱ ቋጠሮ ኋላ ነው። ወደ ጫፉ ወዳለው ቋጠሮ አዛውረው። አንድ አንድ ቋጠሮ ብቻ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል፣ ከዚያ አብር፣ ከዚያ እንደገና።

ሲስተካከል በዓይንህ ታየዋለህ። ካይቱ አናትህ ላይ ቆሞ እጅህን ስታዝናና የፍሬን ገመዶቹ ረገብ ብለው ትንሽ ሆድ ያወጣሉ። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠሩ ገና አጭር ናቸው። የእጀታውን ታች እስከ መጨረሻ ስበህም ካይቱ ካልወረደልህ ደግሞ አብዝተህ አስረዝመሃል።


ጢጣ_ሰፈር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡25

አላህ ይስጥህ ቦርከና! ቋጠሮ ያለበት ገመድ ያልከው የኔ ላይ የለም። የፍሬን ገመዱ በቀጥታ እጀታው ላይ ነው የታሰረው።


ቦርከና
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡31

እሱንም ቆጥበዋል ማለት ነው። ከጠንካራ የጫማ ማሰሪያ ሁለት ቁራጭ ሥራበት። አንድ ክንድ ገደማ ይበቃል። እጥፍ አድርገህ በየአራት ጣቱ ቋጠር ቋጠር አድርግበት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ነው የምትቋጥረው፣ ካለዚያ ሌላ ጣጣ ነው።


የሐረጎ_ሹፌር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡40

የእጅ ፍሬን ይዞ ሐረጎን የወጣ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም። ሽታው ግን ኮምቦልቻ ድረስ ይሰማ ነበር።


ሸማ_ኮምቦልቻ
እሑድ፣ ጠዋት 4፡05

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ካይት አላውቅም። ሥራዬ ግን የጨርቅ ጥራት ቁጥጥር ነው፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቦርከና ብር የሚቆጠበው ገመዱ ላይ ነው ያለው ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ገመድ ይቀየራል። ጨርቅ ካለቀ ግን ካይቱ አለቀ። ጢጣ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ጨርቁን እንዲህ መርምረው።

አጠገቡ ሆነህ ስታየው በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው? ያ ሪፕስቶፕ ነው። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር ገብቶበታል፣ ቀዳዳ ሲጀምር እዚያ ላይ ይቆማል። አራት ማዕዘኑ በሽመና የገባ ይሁን በቀለም የታተመ በጥፍርህ ፋቅ አድርገህ እይ። የታተመም አጋጥሞኛል።

ቀጥሎ ጨርቁን አንድ ድርብ ብቻ አፍህ ላይ ለጥፈህ ንፋበት። በጀርባው በኩል እጅህን አድርግ። ትንፋሽህ እጅህ ላይ ከተሰማህ ሽፋኑ ሳስቷል። ይሄ ጨርቅ አየር የሚይዘው በሽመናው ብቻ አይደለም፣ በላዩ በተቀባው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲላጥ አየሩ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል፣ ክንፉ በደንብ አይነፋም። ግማሽ ጎኑ እጥፍ የሚለው በዚህም ሊሆን ይችላል። አንዱን ጎን ከሌላው አወዳድር።

ሦስተኛው ስፌቱ ነው። ስፌቱን ከፀሐይ ትይዩ ያዝና በሁለት እጅህ በስሱ ሳበው። የመርፌው ቀዳዳዎች ከፈት ብለው ብርሃን ካሳለፉ ያ ስፌት ተጎድቷል። በተለይ ከስሩ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ከጨርቁ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ እይ። ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ገመዱ ዳይኒማ ይሁን ፖሊስተር ለማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። ከጫፉ ቁራጭ ቁረጥ፣ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አስገብተህ በጣትህ ጫን በለውና ልቀቀው። ዳይኒማ ፖሊኢቲሊን ነው፣ ከውሃ ይቀላል፣ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ፖሊስተርና ናይለን ይሰምጣሉ። ሳሙናው የአየር አረፋ እንዳይዝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተጠቀምክ በኋላ ፀሐይ ላይ ዘርግተህ አትተወው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨርቅ የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ። የደሴ ፀሐይ ብርድ ስላለ አይሰማችሁም እንጂ ናይለን ያደርቃል።


ቦርከና
እሑድ፣ ጠዋት 4፡40

እህቴ፣ የሳሙናውን ውሃ እኔም አላውቀውም ነበር። ጨርቁ ላይ ግን አሁንም ገመዱ ይቅደም ባይ ነኝ። ያረጀ ጨርቅ ያለው ካይት በጥሩ ገመድ ይበራል። አዲስ ካይት በተዛባ ገመድ አይበርም።


ሸማ_ኮምቦልቻ
እሑድ፣ ጠዋት 4፡52

እስኪቀደድ ድረስ ይበራል በለኝ።


ፊዚክስ_አስተማሪ
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡15

ነፋሳችን ነው ወይ ላልከው እኔ ልመልስ።

ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ22 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ካይት የሚስበው በአየሩ እፍጋት ልክ ነው። የሚታወቀው ሠንጠረዥ፣ በዚህ ነፋስ ይሄን ስፋት ተጠቀም የሚለው፣ ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተጻፈ ነው። አንተ 3 ሜትር ካሬ ይዘህ ደሴ ላይ ስትቆም ባሕር ዳርቻ ላይ 2.3 ሜትር ካሬ የያዘ ሰው የሚያገኘውን ያህል ነው የምታገኘው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች እዚያ ያው ካይት የ2.5 ያህል ይስባል። ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ደሴ ላይ ነፋሱ 13 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት።

ስለዚህ ደካማ በሆነ ነፋስ አናትህ ላይ አልቆም ያለህ በከፊል አየሩ ነው። ለመብረር የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነፋስ እዚህ ከፍ ይላል።


ጢጣ_ሰፈር
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡30

እና 4 ወይ 5 ሜትር ካሬ ብገዛ ይሻላል ማለት ነው?


ቦርከና
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡34

የለም የለም የለም። መምህር፣ ስሌትህ ልክ ነው ግን ልጁን አደጋ ላይ እንዳትጥለው።

የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 30 ዘለለ ማለት ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብሎበርግ ላይ ነፋሱ ለሰዓታት ያው ነው። ደሴ ግን በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት። ነፋሱ ተራራ ላይ ይሰበራል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ድንገት ይመጣል። አሁን ዝም ይላል፣ ከደቂቃ በኋላ ኮፍያህን ይወስዳል። በቀጭኑ አየር ያጣኸውን 22 በመቶ ለመመለስ ብለህ ትልቅ ካይት ብትይዝ፣ ድንገተኛው ሲመጣ አራት እጥፉን የምትቀበለው በትልቁ ነው።

በዚያ ላይ የቆመ ካይትና የሚሮጥ ካይት አንድ አይደለም። ካይቱ ፊት ለፊትህ ዝቅ ብሎ ከዳር ወደ ዳር ሲሻገር የራሱን ነፋስ ይሠራል። አናትህ ላይ ሲቆም በጣት የምትይዘው፣ ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለት እጅህን ይዞ ይሄዳል። ልምድ የሌለው ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። ስታስነሳው በቀጥታ ነፋሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ መሃል ላይ አታስነሳው፣ ወደ ጠርዙ ገፋ አድርገህ በጎን በኩል አውጣው።

ለደሴ ለጀማሪ 2 ወይም 3 ሜትር ካሬ። ከዚያ በላይ አልመክርም።


ፊዚክስ_አስተማሪ
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡50

እስማማለሁ። እኔ ለምን እንደሚያቅተው ነው ያስረዳሁት፣ ትልቅ ግዛ አላልኩም። ቦታ መረጣ ላይም አንድ ነገር፦ ከዛፍ ወይ ከቤት ኋላ ያለው ነፋስ ለረጅም ርቀት የተረበሸ ነው። ከከፍታው ቢያንስ አሥር እጥፍ ራቅ። 15 ሜትር ከሚሆን የባሕር ዛፍ ረድፍ 150 ሜትር ማለት ነው። ጢጣ፣ ግማሽ ጎኑ የሚታጠፍብህ ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ሆነህ ነው?


ጢጣ_ሰፈር
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡02

መምህር፣ ቦታውን አይተውታል መሰለኝ። ጥላ ፈልጌ ነበር።


አወያይ
እሑድ፣ ማታ 12፡30

ውይይቱ ስለሞቀ ጥቂት ማሳሰቢያ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት አካባቢና አውሮፕላን በሚያርፍበት መስመር ስር ማንም ካይት እንዳያወጣ። የኤሌክትሪክ መስመር ባለበትም እንዲሁ፤ ገመድ ሽቦ ላይ ከወደቀ በእጅ አትንኩት፣ ተውት። በልግም ሆነ ክረምት ጉርምርምታ ከተሰማ ጠቅልላችሁ ግቡ። ቀበሌውንና የግጦሹን ባለቤቶች አስቀድማችሁ አናግሩ። ጊዜው የጥርጣሬ ነው፣ ሰማይ ላይ የማይታወቅ ነገር ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።


እሙ_ሐይቅ
እሑድ፣ ማታ 1፡10

አሰላሙ ዐለይኩም። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ይሄን ውይይት ካነበበ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው። ለእሱ ይሆናል?


ቦርከና
እሑድ፣ ማታ 1፡22

ወዐለይኩሙስ ሰላም እታለም። 3 ሜትር ካሬ ለእሱ አይሆንም፣ ልጁ ቀላል ስለሆነ ያነሳዋል። ለልጅ ባለ ሁለት ገመድ ትንሽ ካይት አለ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ወይ ከዚያ ያነሰ። እሱንም አዋቂ አብሮት ካለ።

ልዩነቱን ልንገርሽ። ባለ ሁለት ገመዱ በመሳብ ብቻ ይዞራል፣ ማቆሚያ የለውም። ለማውረድ ወደ ነፋሱ ጠርዝ ወስዶ ማሳረፍ ነው። ባለ አራቱ ፍሬን ስላለው ባለበት ታቆሚዋለሽ፣ ወደ ኋላ ታስኬጂዋለሽ፣ በጭራው ታሳርፊዋለሽ፣ ተገልብጦ ከወደቀም ካለሽበት ሳትንቀሳቀሺ ታስነሺዋለሽ። ለዚህ ነው አዋቂ የሚመርጠው። ግን ደግሞ አራት ገመድ ሲጠላለፍ መፍታት ለልጅ ትዕግሥት አይሆንም።

ሐይቁ ዳር ነፋሱ ከውሃው ወደ የብስ በሚመጣበት ሰዓት ብቻ አብሩ። በተቃራኒው ከሆነ ካይቱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ክፍሎቹ በውሃ ከሞሉ ለብቻሽ አትጎትቺውም።


ሲንጀር_ፒያሳ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ልጆች፣ እኔ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያ ጢጣ ነኝ የሚለው ልጅ ትናንት ማታ ካይቱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ይሄን ገጽ ክፈትልኝ ያልኩት።

የእጅ ማሰሪያ አልነበረውም። ቦርከና የተባለው ሰው በስልክ እንዳስረዳው ሠራንለት። ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ ቆርጬ ሁለት የእጅ አንጓ ማሰሪያ ሰፋሁለት፣ በማጣበቂያ የሚዘጋ። ከማሰሪያው ቀጭን ገመድ ወጥቶ የፍሬኑ ገመድ ላይ ይታሰራል። እጀታውን ሲለቅ የላይኛው ገመድ ይረግባል፣ ፍሬኑ ብቻ ከእጁ ጋር ይቀራል። ጨርቁ ጉልበቱን ጥሎ ይወርዳል፣ ጠፍቶም አይሄድም። እኔ ልብ ያልኩት ይሄን ነው፤ ይሄ ሳይኖር ሲጫወት ከርሟል።

ጨርቁ በአንድ ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። የጃንጥላ ጨርቅ ጣፍኩበት፣ በሁለቱም በኩል። የጥጥ ክር እንዳትጠቀሙ፣ ይበሰብሳል። ፖሊስተር ክር፣ ቀጭን መርፌ፣ ስፌቱም ራቅ ራቅ ያለ። ጥቅጥቅ አድርጎ የሰፋ ሰው ለቀዳጅ መንገድ ያበጃል።


ሸማ_ኮምቦልቻ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ጃንጥላው ትክክል ነው፣ ከሱቅ ልብስ ሁሉ ለካይቱ የሚቀርበው እሱ ነው።


ጢጣ_ሰፈር
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ውጤት!

ገመዱን ፈተሽኩት። ሳሙና ውሃ ውስጥ ሰመጠ፣ ፖሊስተር ነው። ካስማ ላይ ሲወጠር የግራው የላይኛ ገመድ ከቀኙ በአራት ጣት አጥሯል። አስተካከልኩት። ከጫማ ማሰሪያ ቋጠሮውን ሠራሁ፣ ፍሬኑን ቋጠሮ በቋጠሮ አስረዘምኩ።

ዛሬ ከባሕር ዛፎቹ በጣም ርቄ ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ነበር፣ አቧራ የሚያነሳ ነፋስ። የኋላ ጠርዙ ላይ አፈር ጫን አድርጌ ዘረጋሁት፣ ገመዱን ወደ ነፋሱ መምጫ ይዤ ሄድኩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል አፉን ከፍቶ ተነፋና ወጣ። አናቴ ላይ ቆመ! የፍሬኑ ገመድ ሆድ አውጥቶ ታየኝ፣ ቦርከና እንዳለው። የእጀታውን ታች ሳብ ሳደርግ ቀስ ብሎ ወርዶ በጭራው አረፈ። መልሼ አስነሳሁት። እረኞቹ አሁንም ይስቃሉ፣ ግን እኛም እንሞክር ማለት ጀምረዋል።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ወደ ግራ መጎተቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ደግሞ ማሳው ላይ ያለው አሜኬላ ከጨርቁ ስር ያሉትን ክሮች እየያዘ ፈጀኝ።


ቦርከና
ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ማሻ አላህ! ቀሪው የልጓም ክሮቹ ላይ ነው። ከጨርቁ ስር ወደ ገመዱ የሚሰበሰቡትን ማለቴ ነው። ካይቱን ለሁለት እጠፈው፣ ግራው ቀኙ ላይ ይረፍ። እያንዳንዱን የግራ ክር ከቀኝ አቻው ጋር አንድ በአንድ ለካ። ርካሽ ካይት ላይ አንዱ ተሳስቶ የታሰረ ወይ የተለጠጠ አይጠፋም። የተለየውን ካገኘኸው አትቁረጠው፣ ቋጠሮውን ብቻ አዛውር።

አሜኬላ ላይ መድኃኒት የለኝም። ከብት የጋጠው ቦታ ምረጥ።

ስለ መግዛቱ ደግሞ አሁን ልመልስልህ። እኔ ብሆን ካይት አልገዛም፣ ገመድ ነው የምገዛው። 20 ሜትር ወይም 25 ሜትር ዳይኒማ፣ አራት የተለካ፣ ጫፉ ላይ እጅጌ የተሰፋለት። ዳይኒማ ባዶውን ሲቋጠር ይዳከማል፣ እጅጌው ለዚያ ነው። አይለጠጥም፣ ስለዚህ እጅህን ስታንቀሳቅስ ካይቱ ወዲያው ይሰማል። የፖሊስተሩን ዘገምተኝነት የምታውቀው ዳይኒማ ከሞከርክ በኋላ ነው። ብቻ ከሌላ ሰው ገመድ ጋር እንዳይፋተግ፤ በ150 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ፍትጊያ ይበጥሰዋል። የሰው ጣትም ይቆርጣል፣ ተወጥሮ እያለ ገመዱን በእጅ መያዝ ነውር ነው።

በኋላ ስም ያለው ካማረህ የጀርመኑ ኤች ኪው ቢመር የሚባል አለው፣ የኒውዚላንዱ ፒተር ሊንም ሆርኔት አለው። ሁለቱም ባለ አራት ገመድ፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው። ያገለገለ ፈልግ። ሬቮሉሽን የሚባለውን እንዳትገዛ፣ እሱም አራት ገመድ አለው ግን በዘንግ የተሠራ የትርኢት ካይት ነው፣ አይጎትትም።


ፊዚክስ_አስተማሪ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ይሄ ነፋስ የሚነፋው ክንፍ የአሜሪካዊው ዶሚና ጃልበርት ሥራ ነው፣ በ1964 ነው ያወጣው። አራት ማዕዘኑ ፓራሹትም ፓራግላይደሩም ከዚያው ነው የመጣው። ለተማሪዎቼ ላሳይ ነው፣ ጢጣ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ይዘህልኝ ና።


የሐረጎ_ሹፌር
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

እሺ አንድ የሹፌር ጥያቄ። ነፋሱ በዛ የምትሉት በምን ታውቁታላችሁ? ሁላችሁም ኪሎ ሜትር በሰዓት ትላላችሁ፣ መለኪያ ያለው ሰው ግን አላየሁም።


ቦርከና
ረቡዕ፣ ማታ 3፡05

ጥሩ ጠየቅክ። አቧራና ወረቀት ሲነሳ፣ ትንንሽ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ለ3 ሜትር ካሬ ይሄ ይበቃል። ትንንሽ ዛፎች ሙሉ በሙሉ መወዛወዝ ከጀመሩ 30ን አልፏል፣ ጀማሪ ይጠቅልል። ደሴ ላይ ደግሞ አማካዩን አትይ፣ ድንገተኛውን እይ። ቅጠሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዴ የሚንጫጫ ከሆነ ያ ቀን የካይት ቀን አይደለም።


የሐረጎ_ሹፌር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡12

ገባኝ። ጢጣ፣ ገመዱ ኮምቦልቻ ከደረሰ ለቦርከና ንገረው፣ መናኸሪያ ይስጠኝ። አደርስልሃለሁ፣ የትራንስፖርት አልጠይቅም። አንዴ ብቻ ታስይዘኛለህ።


ጢጣ_ሰፈር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

ክብደትህ ስንት ነው?


የሐረጎ_ሹፌር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡16

እሱን ተወው። ካይቱ ነው የሚፈራው።